ቤት ለመምታት ሲባል መንገድ የሳቱ እንስሳት

ፔንግዊንና የዋልታ ድብ ተገናኝተው አያውቁም። ድቡ የሚኖረው በዓለም ሰሜናዊ ጫፍ ነው። ፔንግዊኖቹ የደቡብ ናቸው። በመካከላቸው መላው ዓለም ተዘርግቷል። በሕፃናት መጽሐፍ ውስጥ ግን ጎረቤታሞች ናቸው። አብረው በረዶ ላይ ይንሸራተታሉ፣ አብረው መርከብ ይሳፈራሉ፣ አንዱ የሌላውን ልደት ያከብራል። ለምን? ሁለቱም በረዶ ላይ ሲሳሉ ያምራሉ። ከዚያ ደግሞ ገጣሚው የአንዱን ስም ለቤት መምቻ ፈልጎት ይሆናል።

ይህን የማነሣው ስህተት ለቃሚ ሆኜ አይደለም። ሁለት ዓመት ያለፋት ልጅ አለችኝ። በየምሽቱ የምታስነብበኝ መጽሐፍ ዓይነቱ አንድ ነው። አንድ እንስሳ ከቤቱ ይወጣል፣ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ የሆነ ቦታ ይደርሳል። ሁሉም በግጥም። ዳክዬ ትሄዳለች። ድብ ይሄዳል። ቀንድ አውጣ እንኳ ቤቷ ጀርባዋ ላይ ሆኖ ሻንጣ ትይዛለች። እነዚህን መጻሕፍት ደጋግሜ ሳነብ አንድ ነገር እየጠራልኝ መጣ። ጥሩ በሆኑት ውስጥ ግጥሙ ከእንስሳው ኋላ ኋላ ይሄዳል። በቀሩት ውስጥ ግን ምስኪኑ እንስሳ ግጥሙን ተከትሎ ይንከራተታል።

ለመሆኑ ሕፃናትን ጉዞ ምን አገባቸው? ፓስፖርት የላቸው፣ ሻንጣ አያዘጋጁ። ግን መሄድ የጀመረን ልጅ እስቲ ተመልከቱ። ከአልጋ እስከ በር ያለው ርቀት ለእሱ ቀላል መንገድ አይደለም። ይነሣል፣ ይወድቃል፣ ወደ ኋላ ዞሮ የሚያየው ሰው መኖሩን ያረጋግጣል፣ እንደገና ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ ሥራው ይኸው ነው። ስለዚህ ዳክዬ ከቤቷ ወጣች ሲባል ለእሱ ተረት አይመስለውም። ዜና ነው።

ከዚያ በፊት የሚጀምር ነገርም አለ። ሕፃን ልጅ ከስምንት ወር ግድም ጀምሮ ከዓይኑ የተሰወረ ነገር ጨርሶ እንዳልጠፋ እየገባው ይመጣል። እናቱ ከክፍል ስትወጣ ማልቀስ የሚያበዛውም በዚያው ሰሞን ነው። የሆነ ቦታ አለች፣ ግን እዚህ የለችም። ፊታችንን በእጃችን ሸፍነን ድንገት ስንገልጥለት የሚስቀው ሳቅ ከዚሁ ጭንቀት ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። የእንስሳ ጉዞ መጽሐፍ ይህንኑ ጨዋታ አስረዝሞ ነው የሚጫወተው። ዳክዬዋ ትሄዳለች፣ ከኩሬው ማዶ ትሰወራለች፣ በመጨረሻው ገጽ ከች ትላለች። ለዚህ ዕድሜ የማትመለስ ዳክዬ መጻፍ ጭካኔ ነው እላለሁ። እሷ ለትልልቆቹ ትቆይ።

ተጓዡ ለምን እንስሳ ሆነ? አንዲት የሦስት ዓመት ልጅ በማለዳ ብቻዋን ከቤት ወጥታ ጫካ ገባች ብላችሁ ብትጽፉ፣ ወላጅ መጽሐፉን ዘግቶ ፖሊስ ይጠራል። ጥንቸል ብትወጣ ግን ማንም አይደነግጥም። ጥንቸል ፈቃድ አትጠይቅም። ዕድሜዋ አይታወቅም፣ ሀብታም ትሁን ድሃ አይታወቅም። ማንኛውም ልጅ እኔ ነኝ ሊላት ይችላል። የእኔዋ ልጅ ሁሉንም ትሆናለች። በቅርቡ አንድ ጠዋት ቀንድ አውጣ ሆና ነበር። ጫማ ለማድረግ ያን ሁሉ ጊዜ የፈጀችው በዚህ ምክንያት ነው ብላለች።

ወደ ግጥሙ ልምጣ። ጆሮ ከዓይን ይቀድማል። አዲስ የተወለደ ሕፃን ደህና አድርጎ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ያለውን ነገር ነው። ጆሮው ግን ገና ሳይወለድ ሥራ ጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ1986 ዲካስፐርና ስፔንስ የተባሉ ተመራማሪዎች ነፍሰ ጡር እናቶችን በእርግዝናቸው የመጨረሻ ሳምንታት አንድ የልጆች ታሪክ በየቀኑ ጮክ ብለው እንዲያነቡ ጠየቋቸው። ልጆቹ ሲወለዱ የሚጠቡት ጎማ ከቴፕ ጋር ተያያዘላቸው። አጠባባቸውን በመቀያየር የሚሰሙትን መምረጥ ይችሉ ነበር። የመረጡት በማሕፀን ሳሉ የለመዱትን ታሪክ ነው፤ ያውም የምታነብላቸው ሌላ ሴት ሆና ጭምር። ከቃሉ አንዱም አይገባቸውም። የያዙት ዜማውን ነው፣ ምቱን ነው።

ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ደግሞ ቃሉም ይመጣል። አሁን ለማሳያ ያህል የራሴን ስንኞች ልጻፍ።

ዳክዬ ወጣች በማለዳ፣
ድክ ድክ፣ ድክ ድክ፣ በሜዳ።
ስትሄድ ስትሄድ ደከማት፣
ኩሬው ሩቅ ነው፣ ውሃ ጠማት።

ይህን ለልጅ ጥቂት ጊዜ ካነበባችሁለት በኋላ የመጨረሻውን ቃል አትናገሩ። «ኩሬው ሩቅ ነው፣ ውሃ…» ብላችሁ ዝም በሉ። «ጠማት!» የሚል ድምፅ ይመጣል። አንዳንዴ በጩኸት። እዚያች ላይ ልጁ አድማጭ መሆኑ ቀርቷል። ዳክዬዋ ከመድረሷ በፊት እሱ ደርሷል። ክርስተን ሪድ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት ትንንሽ ልጆች የማያውቋቸውን የጭራቅ ስሞች በታሪክ ውስጥ ሰሙ። ስሙ ቤት እየመታ ስንኙ መጨረሻ ላይ ሲውልና አንባቢዋ ከስሙ በፊት ቆም ስትል የተሻለ አስታወሱት። ቆም ማለቷ ልጁ ራሱ እንዲገምት ጊዜ ይሰጠዋል። ብዙ ወላጅ ግን መጽሐፉን ለመጨረስ ይቸኩላል። ይገባኛል። መሽቷል፣ ዕቃ አልታጠበም። ቢሆንም ያቺን አንዲት ትንፋሽ የምታህል ዝምታ አትዝለሏት።

እናቴ በዚህ ነገር ሁልጊዜ ትገረማለች። «ልጄ፣ ይቺ ልጅ እኮ መጽሐፉን ሸምድዳዋለች። ሌላ አታነብላትም?» ትለኛለች።

«እማዬ፣ የሰለቸኝ እኔን ነው። እሷማ መቼ ሰለቻት» እላታለሁ።

እውነቱም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በእንግሊዝ የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለሦስት ዓመት ልጆች ተመሳሳይ አዳዲስ ቃላት ያሉባቸው ታሪኮች አነበቡ። ግማሾቹ ልጆች አንዱን ታሪክ ደጋግመው ሰሙ። ሌሎቹ በየጊዜው የተለያየ ታሪክ ሰሙ። ቃላቱን አጥብቀው የያዙት አንዱን የደጋገሙት ናቸው። ልጅ በመጀመሪያው ዙር ዳክዬዋ የት እንደምትደርስ ብቻ ነው የሚከታተለው። መድረሷን ካመነ በኋላ ነው ዛፉን የሚያየው፣ ከዛፉ ሥር ያለችውን ጉንዳን የሚያገኘው። የእኔዋ ሁለት ገጽ አንድ ላይ ከገለጥኩ «አባ፣ ጉንዳኗስ?» ትላለች። ማምለጫ የለም።

መጽሐፉ ይህን ያህል የሚደጋገም ከሆነ ስንኙ የወላጅም ጉዳይ ይሆናል። ምላስ የሚያደናቅፍ መስመር በመጀመሪያው ምሽት ያስቃል። ከሳምንት በኋላ መጽሐፉን ከሶፋ ሥር እንድትደብቁት ያደርጋችኋል።

እዚህ ላይ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው አንድ ወጥመድ አለ። ግሳችን የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ቤት መምታት ቀላል ነው። ከሚገባው በላይ ቀላል ነው። ተጓዧ ሴት ከሆነች ሄደች፣ መጣች፣ በላች፣ ተኛች፣ ሁሉም በ«ች» ያልቃል። ማንም ሰው በአንድ ከሰዓት ሃያ ገጽ ሊሞላ ይችላል። ዳክዬ ወጣች፣ ጦጣን አገኘች፣ ሰላም አለች፣ መንገዷን ቀጠለች። በፊደል ቤት መትቷል። ጆሮ ላይ ግን ምንም አልሆነም። ልጁም ሊገምት አይችልም፤ «ዳክዬ…» ብላችሁ ብታቆሙ ማንኛውም ግስ ሊመጣ ይችላልና። ማለዳ ሲባል ሜዳን የሚያስጠብቅ፣ ደከማት ሲባል ጠማት ከንፈር ላይ የሚመጣ ስንኝ ሥራ ይጠይቃል። ሲሆን ሲሆን ሁለት ፊደል ቢጋሩ ጥሩ ነው ባይ ነኝ። ትርጉሙም ደግሞ እጅ ለእጅ መያያዝ አለበት። የደከመው ይጠማዋል።

ሌላው መጥበቅና መላላት ነው። ፊደላችን አያሳየውም። ወላጅ ደግሞ የሕፃናት መጽሐፍን ቀድሞ አይለማመድም። መጀመሪያ የሚያነበው ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ነው። «አለ» የሚለው ይጠብቅ ይላላ እስኪወስን ምቱ ያመልጠዋል። ብልህ ጸሐፊ እንዲህ ያለውን ቃል ስንኙ መግቢያ ላይ አይሰነቅርም። ትርጉሙ ከለየለት በኋላ ያመጣዋል።

በዚያው ልክ ቋንቋው የሚያበረክትልንም አለ። የእንስሳት ስሞቻችን ግጥማቸውን ይዘው ነው የተወለዱት። ቀበሮ ካለ ከበሮ አለ። ጦጣ ካለች ከዛፉ ላይ አንድ ነገር መጣ፣ ካልሆነም ወጣ። አንበሳ ሁልጊዜ ከእንቅልፉ ተነሳ። ቀጭኔ «ረጅሟ ማን ናት?» ስትባል «እኔ!» ትላለች። ከሁሉም የምወደው ግን ዝሆንን ነው። በአንዱ ገጽ ላይ ግዙፍ ግራጫ እግር ብቻ ይሳላል። ከሥሩ «ይህ ትልቅ ነገር ምን ይሆን?» ተብሎ ይጻፋል። ገጹ ሲገለጥ መልሱ ቤት እየመታ ይመጣል።

የውጭ መጻሕፍት ሲተረጎሙ የሚያስቸግረውም ይኸው ነው። በእንግሊዝኛ ቀበሮ ሣጥን ውስጥ ትገባለች፤ እዚያ ሁለቱ ቃላት ቤት ይመታሉ። ሠዓሊውም ቀበሮዋን ከነሣጥኗ ስሎ አስቀምጧታል። ስንኙን መቀየር ይቻላል። ሥዕሉን ግን ማን ይቀይረዋል? ስለዚህ የእኛ ልጅ ሣጥኑ ለምን እንደመጣ ሳይገባው ገጹን ያልፋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግጥም ከመተርጎም አዲስ መጻፍ ይቀላል። ቀበሮዋም ከሣጥኑ ትውጣና ከበሮዋን ትያዝ።

ስለ አካሄድ ለመጻፍ ደግሞ አማርኛን የሚያህል የለም። ወገንተኛ መሆኔን አልክድም። ድክ ድክ፣ ሱክ ሱክ፣ ኩስ ኩስ፣ ዝግም፣ ብር፣ ጥልቅ፣ ሹልክ፣ ጉብ። እያንዳንዱ አካሄድ የየራሱ ድምፅ አለው። ፔንግዊን ድክ ድክ ትላለች። አይጥ በቀዳዳ ሹልክ ትላለች። እንቁራሪት ኩሬው ውስጥ ጥልቅ ትላለች። ወፍ ብር ብላ ቅርንጫፍ ላይ ጉብ ትላለች። ሙሉ ዓረፍተ ነገር የማይችል ልጅ እንኳ እነዚህን ይላል፤ እያለም በገላው ይሠራቸዋል። ነገሩ አዲስ አይደለም። ኮሜኒየስ የተባለው የሞራቪያ መምህር እ.ኤ.አ. በ1658 ኑረምበርግ ላይ ያሳተመው ባለሥዕል የልጆች መጽሐፍ ፊደልን የሚጀምረው በእንስሳት ድምፅ ነው። ቁራ ትጮሃለች፣ ግልገል ይጮሃል፣ ፌንጣ ይጮሃል፤ ከእያንዳንዱ ጩኸት አንድ ፊደል ይወጣል። ሰውየው ልጆችን በደንብ ያውቃቸው ነበር።

እሺ፣ መንገድ ወደሳቱት እንስሳት እንመለስ። እንዲህ ዓይነት ስንኝ አስቡ።

ዝሆን ወጣ ከዋሻ፣
ጓደኛ ሊሆን ለውሻ።

ዝሆኑ ዋሻ ውስጥ ምን ይሠራ ነበር? ውሻውን ይጠብቅ ነበር። ቤት ለመምታት። ሌላ ምክንያት የለውም። የሚገርመው ነገር፣ በኬንያና በኡጋንዳ ድንበር ላይ ባለው በኤልገን ተራራ እውነተኛ ዝሆኖች ዋሻ ይገባሉ። በሌሊት፣ በድቅድቅ ጨለማ፣ በኩምቢያቸው መሬቱን እየዳሰሱ ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ። በትልቁ ጥርሳቸው ግድግዳውን እየፈነቀሉ ጨው ያለበትን ድንጋይ ይበላሉ። ግልገሎቹም እናቶቻቸውን ተከትለው ይገባሉ። ይህ ሁሉ ታሪክ ዋሻው ውስጥ ተቀምጦ እያለ ገጣሚያችን ውሻ ፍለጋ ወጣ።

ልጆች እኮ ፈጠራ መሆኑን ያውቃሉ የሚሉኝ አሉ። ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ቀንድ አውጣ ሻንጣ ይዛ ባቡር ብትሳፈር ልጄ ትስቃለች፤ ጨዋታ እንደሆነ ገብቷታል። ጉጉት ጀልባ ብትቀዝፍም እንዲሁ። እኔን የሚያሳስበኝ እውነት የሚመስለው ነው። ፔንግዊኗ በትክክል ተስላ፣ በረዶው በትክክል ተስሎ፣ ጎረቤቷ ግን የዓለም ሌላ ጫፍ ነዋሪ ሲሆን ልጁ በምን ይለየው? እ.ኤ.አ. በ2014 ፓትሪሻ ጋኒያና ባልደረቦቿ ስለማይታወቁ እንስሳት ሁለት ዓይነት መጽሐፍ ለልጆች አስነበቡ። በአንዱ እንስሳቱ እንደ ሰው ያወራሉ፣ ይመኛሉ። በሌላው የሚያደርጉት ብቻ ይነገራል። እንደ ሰው የሚያወሩትን የሰሙት ልጆች ስለ እንስሳቱ የያዙት እውነት ያነሰ ነበር። እውነተኞቹም እንስሳት እንደ ሰው ያወራሉ፣ ያስባሉ ወደ ማለት አዘነበሉ።

ዳክዬ አታውራ ማለቴ አይደለም። ዝም ያለች ዳክዬ ማን ይወዳል? ታውራ። ግን ከቤቷ ስትነሣ የራሷ ምክንያት ይኑራት። ኩሬው ደርቆ ይሁን፣ ብርድ መጥቶ ይሁን፣ ምግብ ጠፍቶ ይሁን። እንስሳት ያለ ምክንያት አይጓዙም። ልጅም «ለምን ሄደች?» ብሎ ይጠይቃል። ቤት እንዲመታ ነው ብላችሁ ልትመልሱለት ነው?

ደግሞ እውነተኛው ጉዞ ፈጠራን ያስንቃል። ሽመላን ውሰዱ። በትንቢተ ኤርምያስ በሰማይ ጊዜዋን እንደምታውቅ ተጽፎላታል። ወዴት እንደምትሄድ ግን ሰው ለብዙ ዘመን አላወቀም። ወፎች በክረምት ጭቃ ውስጥ ይተኛሉ ያለ ነበር። በ17ኛው መቶ ዘመን ቻርልስ ሞርተን የተባለ እንግሊዛዊ ወደ ጨረቃ ይሄዳሉ ብሎ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1822 ግን በጀርመን፣ ክሉትስ አጠገብ፣ አንገቷን 80 ሴንቲሜትር ያህል የሚረዝም ጦር የወጋት ሽመላ ተገኘች። ጦሩ የአፍሪካ ነበር። ተወግታ፣ ጦሩን እንደተሸከመች፣ በርራ ሀገሯ ገብታለች። እስከ ዛሬ በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ትታያለች። ጦሩን ለሁለት ዓመት ልጅ አልነግርም። ጥያቄው ግን ለእሷም ይሆናል።

ሽመላ ሽመላ፣ ባለ ቀጭን እግር፣
ስንት ቀን በረርሽ ስትሻገሪ ምድር?

የአርክቲክ ተርን የምትባለዋ ወፍ ደግሞ አለች። ክብደቷ 100 ግራም አካባቢ ነው። ከሰሜን ዋልታ አካባቢ ተነሥታ እስከ ደቡብ ዋልታ ባሕር ሄዳ ትመለሳለች፣ በየዓመቱ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት 1.4 ግራም የሚመዝን መከታተያ እግራቸው ላይ ያሰረላቸው ወፎች በአማካይ በዓመት 70,900 ኪሎ ሜትር እንደበረሩ አሳይቷል። መንገዷም ቀጥ ያለ አይደለም። ነፋሱን ተከትላ አትላንቲክ ላይ ትጠማዘዛለች። በሁለቱም ጫፍ በጋ በጋውን ስለምትደርስ ከማንኛውም ፍጡር የበለጠ የቀን ብርሃን ታያለች ይባላል። እንዲህ ያለችውን ወፍ ይዞ ሻንጣ የምትይዝ ቀንድ አውጣ መፈልሰፍ ምን ይሉታል?

ከበረዶ ተነሥታ፣ በረዶ ላይ ልታርፍ፣
ፀሐይን ተከትላ ስትከንፍ፣ ስትከንፍ።

ብዙ ያስቸገረችኝ ሞናርክ የተባለችው ብርቱካናማና ጥቁር ቢራቢሮ ናት። በመጸው ከካናዳና ከአሜሪካ ተነሥታ በማዕከላዊ ሜክሲኮ ተራሮች ላይ ትከርማለች። በጸደይ ወደ ሰሜን ትመለሳለች፤ ግን አትደርስም። መንገድ ላይ እንቁላሏን ጥላ ትሞታለች። ልጇ ትቀጥላለች። እሷም አትደርስም። ሰሜን የምትገባው የልጅ ልጅ ናት፣ አንዳንዴም ከዚያ በኋላ የመጣችው። ከዚያ በመጸው አዲሷ ትውልድ አይታው ወደማታውቀው ተራራ መንገድ ትጀምራለች። ባለታሪኳ በየገጹ የምትለዋወጥ መጽሐፍ ለሕፃን እንዴት ይጻፋል? ቀደም ሲል ያማረርኩበት የ«ች» ቤት እዚህ ላይ ሥራ አገኘ።

እናት ጀመረች፣
ልጅ ተቀበለች፣
የልጅ ልጅ በረረች፣
ሀገሯ ገባች።

ሁሉም በአንድ ድምፅ ያልቃል፤ ምክንያቱም ጉዞው አንድ ነው። መሞታቸውን አልጻፍኩም። አልዋሸሁምም። ለዚህ ዕድሜ ልኩ ይኸው ይመስለኛል። ሳልመን የተባለው ዓሣም እንዲሁ ነው። ከባሕር ተነሥቶ የተወለደበትን ወንዝ ጠረን እያሸተተ ይመለሳል፤ የፓሲፊክ ሳልመኖች አብዛኞቹ እንቁላል ከጣሉ በኋላ እዚያው ይሞታሉ። የሁለት ዓመት ልጅ መጽሐፍ ዓሣው ወንዙን ሲያገኝ ቢያልቅ ማንም አልተታለለም።

ስለ ሥዕሉ ጥቂት ልበል። የሥዕል መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ 32 ገጽ ነው። ትልቅ ወረቀት ታትሞ ሲታጠፍና ሲቆረጥ የሚመጣው ቁጥር ስለሆነ ነው እንጂ የልጆች ትዕግሥት ተለክቶ አይደለም። ርዕስና የመሳሰለው ከወጣለት ለጉዞው የሚቀሩት አሥራ ሁለት ወይም አሥራ አራት ግልጥ ገጾች ናቸው። ስለዚህ ጸሐፊው ማረፊያዎቹን መምረጥ አለበት። አቅጣጫም አለ። የምናነበው ከግራ ወደ ቀኝ ስለሆነ ወደ ቀኝ የዞረ እንስሳ እየሄደ ይመስላል፤ ወደ ግራ የዞረ እየተመለሰ ወይም እንቅፋት የገጠመው ይመስላል። አንዳንድ ሠዓሊ ይህን ይዘነጋና ዳክዬዋ በአንዱ ገጽ ወዲህ በሌላው ወዲያ ትዞራለች። ልጄ ጣቷን እዚያ ላይ አድርጋ «ቤት ሄደች?» ትላለች። ገና ሦስተኛ ገጽ ላይ እኮ ነን።

ሰሞኑን አንድ የራሴን ነገር እየሞካከርኩ ነው። ጎድዊት ስለምትባል ወፍ። እ.ኤ.አ. በ2022 አንዲት የአምስት ወር ጎድዊት ከአላስካ ተነሥታ እስከ ታዝማኒያ 13,560 ኪሎ ሜትር በ11 ቀን በረረች። አላረፈችም፣ አልበላችም፣ አልጠጣችም። ከአድማጯ በዕድሜ ታንሳለች። ችግሩ በመንገድ ላይ ምንም አለመኖሩ ነው። ሌሎቹ መጻሕፍት ሁሉ የሚኖሩት በማረፊያ ነው። ተጓዡ ከጦጣ ጋር ይገናኛል፣ ከድብ ጋር ይገናኛል። እሷ ከማን ጋር ትገናኝ? ውሃ ነው፣ ሰማይ ነው፣ ውሃ ነው። ለጊዜው ባዶነቱን ራሱን አዝማች አደረግሁት።

ከታች ባሕር፣ ከላይ ሰማይ፣
ማረፊያ ደሴት አይታይ።
ደረስሽ ወይ? ገና ነኝ፤
ነፋሱ፣ እስቲ አግዘኝ።

ይህ በየገጹ ይመለሳል። «ገና ነኝ» የሚለው የልጁ ድርሻ ነው። የእኔዋ ወዲያው ያዘችው። አሁን ጫማ አድርጊ ስትባልም፣ ብዪ ስትባልም «ገና ነኝ» ሆኗል መልሷ። ከዚያ ጥያቄ መጣ። «አባ፣ ራባት?» ለዚህ መልስ ነበረኝ። ከመነሣቷ በፊት ብዙ ትበላለች፣ ስብ ታከማቻለች፣ መንገድ ላይ የማያስፈልጋትን ሆድ ዕቃዋን እንኳ ታሳንሳለች። ሁለት ስንኝም አወጣሁለት።

«ሽንቷስ?» አለችኝ ቀጥላ።

ወፎች እንደ እኛ ፈሳሽ ሽንት የላቸውም። እንደ ነጭ ቅባት ያለ ነገር ነው የሚጥሉት፤ እየበረሩም ይጥሉታል። ይህንንም ነገርኳት። በጣም ደስ አላት። መጽሐፉ ውስጥ ካልገባ አልሰማም ብላለች፤ እኔም ለ«ቅባት» ቤት የሚመታ ቃል እየፈለግሁ ነው።